ጽጌረዳው መንገድ ዳር፣ ጎመኑ ጓሮ ይሁንልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከድሮ ጀምሮ የማነብ ሰው ነኝ፣ ስለ ግቢ ውበትም ስለ ከተማ ግብርናም የምታወጡትን አልፌው አላውቅም፣ ዛሬ ግን እኔም የምለው ስላለኝ ነው የጻፍኩት። የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከብሎኮቹ ጀርባ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ቦታ አለ፣ ድሮ የግንባታ ፍርስራሽ የተደፋበት ነበር፣ ጥቂት እናቶች ድንጋዩን ለቅመው፣ ንጹህ አፈር በራሳቸው ገንዘብ አስመጥተው ጎመን ተከሉበት፣ ከዛ ቆስጣም ተጨመረ፣ ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ ወጣ። አሁን ኮሚቴያችን ጎመኑ በሙሉ ተነቅሎ በምትኩ ጽጌረዳ እንዲተከል ማስታወቂያ ለጥፏል። ምክንያቱ ጎመን የግቢውን ገጽታ ያበላሻል የሚል ነው። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ደሞ ነገሩ ጭራሽ ከረረ፣ ግማሹ አበባ ግማሹ ጎመን ብሎ፣ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ የደረሱ ጎረቤታሞች አሉ።

እኔ አበባ የምጠላ ሰው አይደለሁም፣ እንደውም በጣም ነው የምወደው። እኛ ብሎክ ታች ያሉ አንዲት እናት ጽጌረዳቸውን ጠዋት ጠዋት ወጥተው ሲያዩ፣ የደረቀውን ሲቆርጡ፣ ከሚያልፈው ልጅ ጋር ሲያወሩ አያለሁ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት ያወጣቸው እሱ አበባ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይሄን ጥቅም ማንም ሊያናንቀው አይገባም፣ የሚበላ ነገር ብቻ ነው ጥቅም ያለው የሚሉትንም አልስማማባቸውም። እኔ የምለው ሌላ ነው፣ ጥያቄው ገና ሲነሳ ተበላሽቷል፣ የትኛው ያምራል ተብሎ ነው የተጠየቀው፣ መጠየቅ ያለበት ግን የትኛው ቦታ ላይ ምን ቢተከል ይሻላል ነው። ይሄን ደሞ የሚወስነው ዓይናችን ሳይሆን ውሃው፣ አፈሩ፣ ፀሐዩ፣ እና ከዛ ቦታ ማን ይበላል የሚለው ነገር ነው።

እስቲ ከጽጌረዳው ልጀምር። አዲስ አበባ ለጽጌረዳ የተመቸች ከተማ ናት፣ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ እሱ ነው አበባውን ትልቅ የሚያደርገው። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ደብረ ዘይት፣ ዝዋይ ላይ የአበባ እርሻ የተስፋፋው፣ ሀገራችንም በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትልቋ የአበባ ላኪ የሆነችው አንዱ በዚሁ ምክንያት ነው። ለቤት ደሞ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፣ ከጎረቤት እርሳስ የሚያክል ግንድ ሦስት አራት አይን ያለው ቆርጦ ክረምት መግቢያ ላይ መሬት ውስጥ መሰካት ነው፣ ሁሉም ባይዝ የተወሰነው ይይዛል። ከያዘ በኋላ ለዓመታት ይኖራል፣ በየዓመቱ መዝራት የለም፣ ችግኝ መግዛት የለም። የሚፈልገው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደህና አድርጎ መግረዝ፣ ትንሽ ፍግ። ክረምት ላይ ግን ያስቸግራል፣ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣና ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ዝናቡ ሲያባራ ደሞ ነጭ ብናኝ የሚያለብስ በሽታ ይመጣል። ስለዚ ብዙ ሰው መድኃኒት ይረጫል፣ ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ ምክንያቱም የጉዳዩ ትልቁ ክፍል እሱ ነው።

ጎመኑስ? እኔ እያልኩ ያለሁት የሐበሻውን ጎመን ነው፣ ጥቅል ጎመኑን አይደለም። ዘሩ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መደብ ላይ ቆይቶ ይዛወራል፣ ከተዛወረ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላው መቀንጠስ ይጀመራል፣ ከዛ በኋላ ከስር ከስር እየተቀነጠሰ ለወራት ይሰጣል። ይሄ ነው ለትንሽ ቦታ የተፈጠረ የሚያስብለው፣ ድንች ወይ ካሮት አንዴ ትነቅለዋለህ አለቀ፣ ጎመን ግን አናቱን ካልነካኸው ቅጠል ማውጣቱን አያቆምም። አራት ካሬ ላይ በደንብ የተያዘ ጎመን ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት ወጥ ላይ የሚታይ ነገር ይጨምራል። ውርጭም ይችላል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌላው ሲቃጠል እሱ ቆሞ ታገኘዋለህ። ጠላቱ ክሽክሽ ነው፣ በተለይ በበጋ፣ ቅጠሉ ስር ተሰብስቦ ያኮማትረዋል፣ ሌላው ቅጠሉን የሚበሳሳው ትንሽ አረንጓዴ ትል ነው፣ ግን ለጓሮ ያህል ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልብጦ እያዩ በእጅ መልቀም፣ በውሃ ማጠብ፣ በጣም የተያዘውን ቅጠል ቆርጦ መጣል ይበቃል። እናቶቻችን አመድ ይነሰንሱበታል፣ እሱም ይረዳል።

ስለ ምግብነቱ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፣ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ንጥረ ነገር፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኬ፣ ፎሌት፣ ካልሲየም አለው። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልናገር፣ ቆስጣም ካልሲየም አለው ይባላል፣ ግን ቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ብዙ ስለሆነ ካልሲየሙን ሰውነታችን እንዳይወስደው ይይዘዋል፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ላይም ጥሩ አይደለም፣ ጎመን ላይ ግን ኦክሳሌቱ ትንሽ ነው። ዘይት ጠብ ሲደረግበት ቫይታሚን ኤው በደንብ ይወሰዳል። ጎመን በልቶ ወዲያው ቡና መጠጣት ግን ሰውነታችን ከጎመኑ የሚወስደውን አይረን ይቀንሰዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ቢጠጣ ይሻላል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ካለ ደሞ ጎመን ድንገት አብዝቶ መብላትም ድንገት ማቆምም የለበትም፣ ሐኪሙን ያማክር።

ዋጋውን ተዉት፣ ጉልት የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ አንድ እስር ጎመን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ዋጋው እየወፈረ ነው። ጾም ሲሆን ደሞ ይብሳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፣ ዝናቡ ገና ሳይጠና ማለት ነው፣ ጎመን በጣም የሚፈለገውና በጣም የሚወደደው እኩል ያኔ ነው። ጓሮው ላይ ጎመን ያለው ቤት ይሄን ጊዜ ያለ ጭንቅ ያልፈዋል፣ የኛ ብሎክ ላይ ጡረታ ላይ ያሉ ሰዎች አሉ፣ ለነሱ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም እኮ።

አሁን ወደ ውሃው። እዚህ ላይ ለጽጌረዳው መመስከር አለብኝ። በበጋ ጊዜ አንድ ካሬ የጎመን መደብ በቀን አራት አምስት ሊትር ውሃ ይጠጣል፣ አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለአራት ካሬ ማለት ነው፣ በየቀኑ። ስሩ ጥልቅ ስላልሆነ ሁለት ሦስት ቀን ከተረሳ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይመርራልም። ጽጌረዳ ግን ስር ከሰደደ በኋላ በሳምንት አንዴ ሁለቴ በደንብ ቢጠጣ ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ አንዳንዴም ፈረቃው ሲዘለል፣ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚ ጎመን ይተከል የሚል ሰው ውሃውን ከየት እንደሚያመጣ አስቦ መናገር አለበት። እኛ ጋ አትክልት የታጠበበት፣ ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ በየቤቱ በባልዲ ይጠራቀምና ማታ ማታ ይወርዳል፣ ክረምት ላይ ከጣራ የሚወርደው በሮቶ ይያዛል። ኦሞና በረኪና ያለበት የልብስ ውሃ ግን ጎመን ላይ እንዲደፋ አልፈቅድም፣ ለአበባውም በጣም ቀጥኖ አልፎ አልፎ ካልሆነ አፈሩን ያበላሻል፣ ለሚበላ ቅጠል ግን ጭራሽ አይሆንም።

ለምንድነው ጎመን ላይ ይሄን ያህል የምጨነቀው? ቅጠላ ቅጠል ከፍራፍሬ ይልቅ አፈርና ውሃ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት፣ እንደ ሊድ ያለውን መርዛማ ነገር ማለት ነው፣ ይሰበስባል። አዲስ አበባ ገበያ ላይ ከምንገዛው ቅጠላ ቅጠል ቀላል የማይባለው የሚመረተው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነው፣ እነዚህ ወንዞች ደሞ የቆዳ ፋብሪካውንም የሌላ ፋብሪካውንም የመጸዳጃ ቤቱንም ፍሳሽ ተቀብለው ነው የሚወርዱት። በነዚህ ወንዞች በሚጠጣ አትክልት ላይ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመት ጥናት ሲሰሩ ቆይተዋል፣ ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ ሊድ እያሉ። ገበሬዎቹን ለመውቀስ አይደለም፣ ወንዙን እነሱ አላቆሸሹትም። ግን እናት ለልጇ የምትቀቅለው ጎመን ምን ውሃ ጠጥቶ እንዳደገ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፣ ገበያ ላይ ይሄን ማወቅ አይቻልም፣ ጓሮ ላይ ግን ይቻላል። ለኔ ጎመን ጓሮ ውስጥ ይኑር የምልበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፣ ዋጋው ሁለተኛ ነው።

በዚሁ ምክንያት ደሞ ጎመን በፍጹም መተከል የሌለበት ቦታ አለ፣ እሱም መንገድ ዳር። ከአስፋልቱ ጋር በሚዋሰነው አጥራችን ስር የመኪና ጭስ፣ የጎማና የፍሬን ብናኝ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ሊድ ያለው ቤንዚን ከቀረ ቆይቷል፣ ግን ሊድ አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ የድሮ ቀለም የተላጠበት፣ ባትሪ የተፈታበት፣ ጋራዥ የነበረበት መሬትም እንደዛው። እዛ ላይ ጎመን ተክሎ ለልጅ ማብላት አያስፈልግም። እዛ ላይ ነው ጽጌረዳው የሚገባው! ማንም አይበላውም፣ አላፊ አግዳሚው ያየዋል፣ ለአጥር ይሆናል፣ እሾሁም ሌባ ይከለክላል። ኮሚቴው የግቢው ገጽታ ካሳሰበው፣ ገጽታ የሚባለው ሰው የሚያየው ፊት ለፊቱ ነው አይደል፣ የብሎኩ ጀርባ ማን አይቶት ነው ገጽታ የሚሆነው? አሁን የታሰበው ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ፊት ለፊቱ ያለው የአጥር ስር ባዶውን ቆሻሻ ተጥሎበት ይቀመጥና ከኋላ ያለው ንጹህ አፈር ላይ ያለው ጎመን ይነቀል። ይሄ ትክክል አይደለም።

ሌላው መድኃኒቱ ነው፣ ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት። ሁለቱን አንድ መደብ ላይ ቀላቅለን እንትከል፣ ሁሉም ይደሰታል የሚል ሀሳብ ግሩፑ ላይ ቀርቦ ብዙ ላይክ አግኝቷል። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል፣ እኔ ግን እቃወማለሁ። ለአበባ ተብሎ የሚረጨው ማላታዮንም ይሁን ሌላ፣ የሚረጨው ሰው ጎመን አጠገቡ አለ ብሎ አይጠነቀቅም፣ ነፋሱ ይወስደዋል፣ ጎመኑን ደሞ ሌላ ሰው በማግስቱ ቀንጥሶ ለምሳ ያደርሰዋል። ለምግብ ተክል የተፈቀደ መድኃኒት እንኳን ከተረጨ በኋላ ሳይቀነጠስ መቆየት ያለበት ቀን አለው፣ ለአበባ ብቻ የሚሸጠው ላይ ደሞ ለምግብ ተብሎ የታሰበ ነገር የለም። (የገዛነውን የእርሻ ጽጌረዳ ቅጠሉን ሻይ ላይ ወይ ኬክ ላይ የምታደርጉም ካላችሁ እባካችሁ ተዉት፣ አበባው ለዓይን ተብሎ ነው የተመረተው።) ስለዚ መለያየት አለባቸው፣ በመሃላቸውም ጥቂት ሜትር ወይ ግድግዳ ቢኖር ነው የሚሻለው። ፍግም ሲጨመር እንደዚሁ ነው፣ ለጎመን በደንብ የበሰበሰ መሆን አለበት፣ ጥሬውን ቅጠል ስር መድፋት በሽታ ያመጣል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ጎመን አስቀያሚ ነው የሚለው አባባል ከየት መጣ ብዬ ሳስብ፣ ከመልኩ የመጣ አይመስለኝም። ክረምት ላይ እህል ጎተራ ውስጥ ሲያልቅ ሰውን ይዞ የሚያሻግረው ጎመን ነበር፣ ለዛ ነው መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው። የችግር ጊዜ ምግብ ሆኖ ስለኖረ በራችን ላይ ሲታይ ችግራችንን የሚያሳብቅብን ይመስለናል። ግን እኮ ያሻገረን ነው፣ ያሻገረ ይከበራል እንጂ ይታፈርበታል? ጉራጌ ሀገር የሄደ ሰው ይሄን በደንብ ያያል። ከቤቱ ፊት ለፊት ጀፎሮ አለ፣ ሰፊ፣ ሳሩ የተስተካከለ፣ ሰርግም ለቅሶም ጨዋታም የሚደረግበት፣ ማንም ዝም ብሎ የማያርሰው የጋራ ቦታ። ከቤቱ ጀርባ ደሞ እንሰቱና ጎመኑ ነው። ውበቱም ምግቡም አለ፣ አንዱ አንዱን አላባረረም፣ ሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነው ያሉት። በመስቀል ሰሞን ደንጌሳት በሚባለው ቀን የጎመን ክትፎ በአይብ ሲቀርብ ማንም የድሃ ምግብ ነው አይልም፣ የበዓል ነው። የኛ ኮሚቴ ውስጥም ይሄን ጎመን በልተው ያደጉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም፣ በአሁኑ ጊዜ ከተማው በሙሉ በኮሪደር ልማቱ አበባ በአበባ ሲሆን እኛስ ለምን እንቅር ብለው ነው። ግን ያው መንግሥት እኮ ከ2015 ጀምሮ የሌማት ትሩፋት ብሎ ጓሮህን አልማ እያለ ነው፣ ሁለቱ አይጣሉም።

መልኩንም ቢሆን እኔ አልቀበልም። ሁለት ሦስት እግር ጎመን ሳይቀነጠስ ቢተውና ቢያብብ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አስቀያሚ አይለውም፣ አናቱ ላይ አራት አራት ቅጠል ያላት ትንሽ ቢጫ አበባ ትደረድራለች፣ ንብ ይሞላዋል፣ ከዛ ዘሩን ለሚቀጥለው ዓመት መያዝ ነው፣ የተረፈው ጎመን ዘር ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ይሄ ተክል ደሞ የኛው ነው፣ የኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ያለማው። ዉ ጃንግ ቹን የሚባል ኮሪያዊ የዘረመል ሳይንቲስት በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንዳሳየው የሐበሻ ጎመን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ዘመድ በተፈጥሮ የተዳቀለ ነው፣ የአንዱን 16 ክሮሞሶም የሌላውን 18 ይዞ 34 ሆኗል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደሞ ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ከዚሁ ተክል ዘይት ብቻ በተሰራ ነዳጅ በርሯል። ዓለም ዘሩን እየፈለገ ጄት ሲያበርበት እኛ ከጓሯችን ገጽታ አበላሸ ብለን እንንቀለው? ጽጌረዳም ከሆነ የሚፈለገው የራሳችን የሆነ አለን እኮ፣ ቀጋ፣ ነጭ አበባ ያለው፣ እረኛ ፍሬውን የሚበላው፣ መድኃኒት ሳይረጭበት በየአጥሩ የሚያድር። ለአጥራችን ስር እሱም ቢታሰብ ደስ ይለኛል።

የኮንዶሚኒየም አዋጅ 370/1995 የጋራ መጠቀሚያ ቦታ የሁሉም ቤት ባለቤት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ስለዚህ ይሄ ጉዳይ በማስታወቂያ ሳይሆን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ቢወሰን ነው ትክክሉ። እኔ ስብሰባው ላይ የማቀርበው ይሄን ነው፣ የመንገድ ዳሩ አጥርና የመግቢያው በር ሁለቱ ጎን ለአበባ ይሁን፣ ወጪውንም ጎመን ያለንም የሌለንም እኩል እናዋጣ። ከኋላ ያለው ለጎመንና ለቅጠላ ቅጠል ይሁን፣ እዛ ምንም ዓይነት መድኃኒት እንዳይረጭ ይጻፍ፣ መደቡ ቦታ ላልደረሳቸው ቤቶችም በዙር ይዳረስ፣ ምክንያቱም አሁን የያዙት ጥቂት ቤቶች ብቻ ናቸው፣ ይሄ ቅሬታ እውነት ነው፣ የአበባ ደጋፊ ከሆኑት ግማሾቹን ያስቆጣቸውም ጎመኑ ሳይሆን እሱ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የክፍለ ከተማ የከተማ ግብርና ባለሙያዎችን አነጋግራችሁ፣ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ምግብ የሚተከልበትና የማይተከልበት ቦታ እንዴት እንደሚለይ፣ አፈርም የት እንደሚመረመር፣ ለሁሉም ነዋሪ በሚገባ ቋንቋ አውጡልን። ይሄ ጭቅጭቅ በየሰፈሩ እንዳለ ከዘመድ ከወዳጅ እሰማለሁ። የሚቻል ከሆነ ግንቦት ሳያልቅ ብታደርጉት፣ ችግኙ መደብ ላይ ነው ያለው፣ የሚዛወረው ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ነው፣ ጽጌረዳውም ተቆርጦ የሚሰካው ያኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ከአዲስ አበባ